«መጀመሪያ ብዪ፣ ከዚያ ታለቅሻለሽ»

ውድ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ተከታዬ የሆነው ወንድሜ በመኪና አደጋ ካረፈ ዓመት ከሦስት ወር ሆነው። አንድ ቤት ነበር የምንኖረው። እሱ ከሄደ በኋላ እንቅልፍም ምግብም ራቀኝ፤ ቢሮ ተቀምጬ ሁለት ቁጥር መደመር አቃተኝ። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እጄን ይዛ ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም ወሰደችኝ። ድባቴ ነው ተባልኩና ሰርትራሊን የሚባል ኪኒን ታዘዘልኝ። መስከረም መጨረሻ ላይ ነው የጀመርኩት፤ አሁን ስድስተኛ ወሬ ነው።

ልነግርዎ የፈለግኩት ነገር የሆነው በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። የዋዜማው ሌሊት ከብዶኝ ነበር፤ ነገ ባይነጋ ብዬ ተመኝቼ ነበር የተኛሁት። ጠዋት እንደምንም ተነሥቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ አጥር ሥር ተቀምጬ አለቅሳለሁ። ነጠላ ያደገደጉ አንዲት ትልቅ ሴት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ከያዙት ጸበል ጸዲቅ ዳቦ ቆርሰው እጄ ላይ አደረጉና «መጀመሪያ ብዪ፣ ከዚያ ታለቅሻለሽ» አሉኝ።

ይህ የወንድሜ አነጋገር ነው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እኔ ሲከፋኝ ሳህን ይዞ መጥቶ ቃል በቃል ይህንኑ ይለኝ ነበር። በላሁ። ቀና ስል ሴትየዋ ሰው መሐል ገብተው የሉም። ያን ዕለት ማታ ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ እየተሻለኝ ነው። በየወሩ በሚካኤል ቀን እየሄድኩ ብፈልጋቸውም አላገኘኋቸውም።

ወንድሜ ያረፈው ታኅሣሥ 12 ነው። ክርስትና ስሙ ገብረ ሚካኤል ነው። ሴትየዋ የመጡትም በ12 ነው። ከዚያ በኋላ 12 ቁጥርን በየቦታው ማየት ጀመርኩ፤ የታክሲ ታርጋ ላይ፣ ባንክ የሚሰጡኝ ተራ ቁጥር ላይ፣ ደረሰኝ ላይ። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። ሰሞኑን ግን 12 ያለበት ታክሲ እስኪመጣ ሌሎቹን እያሳለፍኩ ሁለት ቀን ሥራ አርፍጃለሁ። ሳላየው የዋልኩ ቀን ልቤ ይረበሻል።

ለሐኪሜ ስለ ሴትየዋ ለመንገር ሞክሬ ነበር። ገና ሳልጨርስ «ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰሚያለሽ? የሚከታተልሽ ሰው አለ?» ብለው ጠየቁኝና አንድ ነገር ጻፉ። አብጃለሁ ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ሁለተኛ አላነሳሁትም። አክስቴ ደግሞ «ሚካኤል ነው የላከልሽ። ምልክት ከመጣልሽ ወዲያ ኪኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው» ይሉኛል። ኪኒኑን ትቼ፣ ፋሲካ ሳይደርስ ሁለት ሱባኤ ጸበል እንድገባ ይፈልጋሉ። ታናሽ እህቴ «ግጥምጥሞሽ ነው፤ ይሄንን ለሰው እንዳታወሪ» ትለኛለች። ምልክት ነው ወይስ በሽታዬ ነው? ኪኒኑንስ ልተወው? የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው።

ግራ የገባኝ እህት፣ ከአዲስ አበባ

*

እህቴ፣ በቅድሚያ የወንድምሽን ነፍስ ይማር። ዓመት ከሦስት ወር ለውጭ ሰው ረጅም ነው፤ ሳህን ይዞ የሚመጣ ሰው ለጠፋበት ቤት ግን የትናንት ነው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ የቆምኩት ታርጋው ላይም ኪኒኑ ላይም ሳይሆን «ነገ ባይነጋ ብዬ ተመኝቼ» ያልሽው ላይ ነው። በአንድ መስመር አልፈሽዋል፤ እኔ ግን ሳልጠይቅሽ ማለፍ አልቻልኩም። ያ ምኞት አሁንም ይመጣል? ለሐኪምሽስ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ? ካልነገርሻቸው ማክሰኞ የመጀመሪያው ወሬሽ እሱ ይሁን፤ ከሴትየዋም ከአክስትሽም በፊት። ከዚያ በፊት ብቅ ካለ ደግሞ ማክሰኞን አትጠብቂ። እጅሽን ይዛ ሐኪም ቤት ለወሰደችሽ ባልደረባሽ በዚያው ሰዓት ደውይላት፤ እህትሽም መጥታ አብራሽ ትደር። ከበረታብሽ ሌሊትም ቢሆን አቅራቢያሽ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዘውሽ ይሂዱ።

አሁን ወደ ዳቦው እንምጣ።

ልክ ነው፣ ያለቀሰን ሰው «ብላ» ማለት የአገራችን እናቶች ሁሉ ልማድ ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንባሽ ሳይደርቅ ጉርሻ አፍሽ ላይ የሚደርስበት አገር ነው። በዚያ ላይ የኅዳር ሚካኤል ነው፤ ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ጸበል ጸዲቁ ይታደላል። ስለዚህ አንዲት እናት የምታለቅስ ልጅ አይተው ዳቦ መቁረሳቸው የሚያስደንቅ አይደለም። እህትሽ «ግጥምጥሞሽ ነው» ያለችው ከዚህ ተነሥታ ከሆነ አልተሳሳተችም። ግን ያንኑ ቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ያን ከመሰለ ሌሊት ማግስት ስትሰሚው አጥንትሽ ድረስ መዝለቁም አያስደንቀኝም። እኔንም በዘለቀኝ። ከሰማይ ነው ወይስ ከአጋጣሚ ብዬ እንድፈርድ አልተሾምኩም። አማኝ ነኝ ካልሽ፣ ለአማኝ ሁለቱ የግድ የሚጣሉ አይደሉም፤ ሴትየዋ የመጡት በገዛ እግራቸው፣ በገዛ ርኅራኄያቸው ቢሆንም ላኪ የለባቸውም ማለት አይደለም።

አንድ ታሪክ አስታወስሽኝ። አንደኛ መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ ኤልያስ በረሃ ገብቶ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰዳት ብሎ ሞቱን ይለምናል። ከዚያም ይተኛል። መልአክ መጥቶ ሲቀሰቅሰው አይገሥጸውም፤ ስለ እምነቱ ጉድለትም አያነሳበትም። ተነሥተህ ብላ ነው የሚለው። ራስጌው እንጎቻና ውኃ አለ። በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ይተኛል፤ መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ እንደገና ብላ ይለዋል። ሰባኪዎቻችን ስለ ኤልያስ ሲያነሱ እሳቱንና ሠረገላውን ነው የሚወዱት፤ እኔ ከሁሉም ይችን እንጎቻ እወዳታለሁ።

እንግዲህ አስተውይ፣ ሴትየዋ ያሉሽ «ብዪ» ነው። «መድኃኒትሽን ጣይ» አላሉሽም። ዳቦው ላይ የተጻፈ ሌላ መልእክት አልነበረም። ኪኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው የሚለው የመጣው ከአክስትሽ ነው፤ በኅዳር ሚካኤል የመጣልሽ አይደለም። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባል የለ? የፈቺውን ቃል ከሕልሙ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አክስትሽ ክፉ አስበው ነው አላልኩም፤ ያቺን ልጅ ከዚህ ሐዘን የሚያወጣት ነገር መጣ ብለው ተደስተው ነው። ነገር ግን ያንቺን ምልክት ለራሳቸው ሐሳብ ማኅተም አድርገውታል።

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ካርል ጉስታቭ ዩንግ ትርጉም ያለው ግጥምጥሞሽ ስለሚባለው ነገር እ.ኤ.አ. በ1952 አንድ ጥናት አሳትሞ ነበር። እዚያ ውስጥ ሁሉንም እኔ አውቃለሁ ብላ ልቧን የዘጋች አንዲት ታካሚ አለች። አንድ ቀን የወርቅ ጥንዚዛ ሲሰጣት በሕልሟ ማየቷን ስታወራው መስኮቱን ከውጭ የሚቆረቁር ነገር ይሰማል። ከፍቶ ቢይዘው ወርቃማ አረንጓዴ ጥንዚዛ ነው፤ «ይኸው ጥንዚዛሽ» ብሎ ሰጣት። ታሪኩ ሲወራ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ዩንግ ግን ከዚያ በኋላ ሕክምናው ቀጠለ፣ መልካም ውጤትም ሰጠ ብሎ ነው የጻፈው። ጥንዚዛው የሴትየዋን ልብ ከፈተ እንጂ ሐኪሙን አላሰናበተም። ዩንግ ስለ ግጥምጥሞሽ ያቀረበውን ማብራሪያ በሙሉ እቀበላለሁ ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ሳይንቲስቶችም አይቀበሉትም። ይህን ያነሳሁልሽ አንድ ሐኪም እንዲህ ያለውን ነገር ሰምቶ ሳይስቅም ሳይደነግጥም ሥራውን መቀጠል እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው።

ስለ ጊዜው አንድ ልብ ያላልሽው ነገር አለ። መድኃኒቱን የጀመርሽው መስከረም መጨረሻ ነው፤ ሴትየዋ የመጡት ኅዳር 12። በመሐሉ ስድስት ሰባት ሳምንት አለ። እንደ ሰርትራሊን ያሉ የድባቴ መድኃኒቶች ዛሬ ተውጠው ነገ አይሠሩም፤ አብዛኛውን ጊዜ ለውጡ በደንብ የሚታወቀው ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ይህን የምልሽ ዳቦውን ላሳንስብሽ አይደለም። ምናልባት መድኃኒቱ ጆሮሽን ከፍቶልሽ ይሆናል፤ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ያው ቃል ቢነገርሽ ሳትሰሚው ታልፊ ነበር ይሆናል። የቱ ስንት እጅ እንደሠራ መለካት አይቻልም፤ ለምን ይለካል? የጎበጠ ሰው ሁለት ምርኩዝ ይዞ ቀና ካለ አንዱን መስበር ምን ያደርግለታል?

ስለ 12 ግን ትንሽ ልቆጣ ነው፤ ቁጣዬ በቁጥሩ ላይ ነው፣ በአንቺ ላይ አይደለም። ሂሳብ ሠራተኛ ነሽና በሂሳብ እንነጋገር። ከመገናኛ እስከ ፒያሳ በታክሲ ስትሄጂ በመስኮት ስንት መኪና ታያለሽ? አምስት መቶ እንበል። የአንድ ታርጋ የመጨረሻ ሁለት አኃዝ 12 የመሆን ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው። ስለዚህ በዚያ ጉዞ ብቻ አምስት ያህል 12 ይጠብቁሻል፤ መሐል ላይ ያለውን፣ ተገልብጦ 21 የሆነውን፣ ደረሰኙን፣ ሰዓቱን ሳንቆጥር ማለት ነው። የ48 ወይም የ73 ታርጋም እኩል በዝቷል፤ ዓይንሽ ግን እነሱን አይጠራቸውም። አእምሯችን ግጥምጥሞሽን አሳንሶ ይገምታል። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ 23 ሰው ብቻ ተቀምጦ ቢሆን ከመካከላቸው ሁለቱ የልደት ቀን የመጋራታቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል፤ ይህን ለሰው ብትነግሪው አያምንሽም፣ ሂሳቡ ግን ትክክል ነው።

ሂሳቡን ብንተወውስ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለመልስ አትቸኩይ። ዳቦው ያን ቀን ምን ሰጠሽ? 12 ቁጥርስ ዛሬ ምን እየሰጠሽ ነው? ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ዳቦው መጣ፣ አጠገበሽ፣ አስተኛሽ፣ ምንም ሳይጠይቅሽ ሄደ። 12 ግን ይጠይቅሻል፤ ታክሲ አሳልፊ ይልሻል፣ ከሥራ አርፍጂ ይልሻል፣ ካላየሽኝ ክፉ ቀን ነው ይልሻል። አንዱ መጽናናት ነው፤ ሌላው ግብር እንደሚሰበስብ ጭቃ ሹም ሆኖብሻል። ወንድምሽ ሳህን ይዞ የሚመጣ ልጅ ነበር፤ በታርጋ የሚያስፈራራ ልጅ ነበር እንዴ? እንደምገምተው 12ን የምትፈልጊው ምልክት ለማየት ብቻ ሳይሆን ናፍቀሽው ነው፤ በቀን አንዴ እንኳ ድምፁን ለመስማት። ናፍቆቱ እውነት ነው። ናፍቆቱን ግን ታርጋ አይችለውም።

እንግዲያው ከነገ ጀምሮ የመጀመሪያው ታክሲ ሲመጣ ግቢበት፤ ቁጥሩ ምንም ይሁን። ልብሽ ይረበሻል፤ ይረበሽ። ብዙ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ከፍ ብሎ ይወርዳል። ከተቻለ እህትሽ ሁለት ሦስት ቀን አብራሽ ትሳፈር። ሳምንት ሞክረሽው ጭራሽ ካልቻልሽ አትፈሪ፣ ያም ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው፤ እንዲህ ላለው ጭንቀት በንግግር የሚሰጥ ጥሩ ሕክምና አለ።

ወደ ሐኪምሽ ልመለስ፤ እሳቸውን ትንሽ ልከላከልላቸው። «ድምፅ ትሰሚያለሽ?» ብለው የጠየቁሽ እብድ ናት ብለው ፈርደው ላይሆን ይችላል። ክላውስ ኮንራድ የሚባል ጀርመናዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1958 በጻፈው ሥራ፣ አንዳንድ ከባድ የአእምሮ ሕመም ሲጀምር ሰውየው የማይያያዘውን ሁሉ እያያያዘ ትርጉም እንደሚያነብበት አሳይቷል። መንገደኛው ሲያስል ለሱ ነው፣ ዜና አንባቢዋ የምትናገረው ስለሱ ነው፣ የተሰቀለው ልብስ ቀለም መልእክት ነው። ብዙ ጊዜ ከፍርሃትና ከእንቅልፍ ማጣት ጋር ይመጣል፤ ሰው «እንዲህም ሊሆን ይችላል እኮ» ቢለው ሊሰማው አይችልም። ሐኪም ይህን አለመጠየቁ ነው ጥፋት የሚሆነው። አንቺ ግን «ምልክት ነው ወይስ በሽታዬ ነው?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ፤ ትተኛለሽ፤ ትሠሪያለሽ፤ የእህትሽንም የአክስትሽንም ቃል ትመዝኛለሽ። በደብዳቤ ሕመም መለየት አይቻልም፣ እኔም አልሞክረውም፤ ግን ጥርጣሬሽ ራሱ ደስ ብሎኛል። ነገሩ ቢቀየር፣ ማለትም ቁጥሩ እንደ ሰው ድምፅ አውጥቶ የሚያዝሽ ቢመስልሽ፣ እንቅልፍ ሳያምርሽ ሌሊቱን ሙሉ ብትነቂ፣ ለልዩ ተልእኮ የተመረጥሽ ቢመስልሽ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ።

የሐኪምሽ ጉድለት ጥያቄው ሳይሆን ከጥያቄው በኋላ ዝም ማለታቸው ነው። «ምን ተሰማሽ? ለአንቺ ምን ማለት ነበር?» ብለው ቢያስከትሉ ኖሮ አንቺም አፍሽን ባልዘጋሽ። በአንድ ጠዋት ስንት ሕመምተኛ እንደሚያዩ ሳስብ አዝንላቸዋለሁ፤ ቢሆንም ይህ ውለታ ሳይሆን ሥራቸው ነው። የዓለም የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው የአቋም መግለጫ ሐኪም ታካሚውን ስለ እምነቱና መንፈሳዊ ሕይወቱ እንደ ሌላው ታሪኩ ሁሉ ሊጠይቀው እንደሚገባ፣ የራሱን እምነት ወይም አለማመን ግን ሊጭንበት እንደማይገባ አስፍሯል። አሜሪካኖቹም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በምርመራ መጽሐፋቸው ውስጥ ሃይማኖታዊ ወይም መንፈሳዊ ችግር የሚል፣ ከበሽታ የማይቆጠር ክፍል አላቸው። ስለዚህ ብታነሺው ሐኪሙ የማያውቁትን ነገር አላመጣሽባቸውም።

ዝም ያልሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት አንድ የዌልስ ሐኪም ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውን 293 ሰዎች ጠይቆ ነበር። ግማሽ ያህሉ ሟቹ አጠገባቸው እንዳለ ይሰማቸዋል፣ ወይም አይተውታል፣ ወይም ድምፁን ሰምተዋል። ያመማቸው ሰዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ እንዲያውም መጽናኛ ሆኗቸዋል። አብዛኞቹ ግን ለማንም አልነገሩም፤ አንዳንዶቹ ይስቁብናል ብለው ነው። እኔም ብሆን አባቴ ሲያርፍ ከመቃብር በተመለስን ሰሞን የከዘራውን ድምፅ ኮሪደሩ ላይ እሰማ ነበር፤ ለእናቴ የነገርኳት ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። «አንቺም?» አለችኝ።

አሁን ኪኒኑ። አትተዪው፤ ቢያንስ በአክስትሽ ቃልና በራስሽ ውሳኔ አትተዪው። ከድባቴ የተሻለው ሰው መድኃኒቱን ቢያንስ ስድስት ወር ያህል፣ የሚቆጠረውም ከተሻለው ጊዜ ጀምሮ፣ እንዲቀጥል የሚመከረው ሕመሙ ተመልሶ እንዳይመጣ ነው። አንቺ ገና መሻል የጀመርሽ ነሽ። ሰርትራሊን በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ቅዠት፣ መነጫነጭ፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰማ ነገር ሊያመጣ ይችላል፤ ያውም በጥቂት ቀን ውስጥ። አስቢው፤ ኪኒኑን ሰኞ አቁመሽ፣ ሐሙስ ጠዋት በጾም ሆድ፣ በብርድ፣ ጸበል ቦታ ቆመሽ ሰውነትሽ ሲንቀጠቀጥ አጠገብሽ ያለው ሰው ምን ይላል? ርኩስ መንፈስ ነው፣ ሊለቃት ነው ይላል። አንቺም ታምኛለሽ፤ ባለሽበት ሁኔታ ማን አያምንም? የመድኃኒት መቋረጥ ሥራ ለአጋንንት ይሰጣል፣ ያኔ ሌላ ምልክት ተጨመረልሽ ማለት ነው። ይህ ሲሆን አይቻለሁ፤ ለዚህ ነው ድምፄን ከፍ ያደረግኩት።

ጸበሉን አትሂጂ ግን አላልኩሽም። ብዙ ሕመምተኛ አማኑኤል ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ጸበል ቦታ ደርሶ የመጣ ነው፤ ካህናቱም ሐኪሞቹም ያውቁታል። አዲስ አበባ ውስጥ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከጸበል ቦታ አገልጋዮች ጋር ተስማምተው ሁለቱ ጎን ለጎን እንዲሄዱ የሠሩበት ጊዜ አለ፤ ውጤቱንም በሙያ መጽሔት አውጥተዋል። ከዚያ በፊትም በኤች አይ ቪ ዘመን ሰዎች እንጦጦ ላይ መድኃኒታቸውን እየጣሉ ሲጠመቁ፣ ያኔ የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አይጣሉም ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ም ባለመድኃኒትን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። አክስትሽ መጽሐፍ የሚያከብሩ ሰው ከሆኑ ከእኔ ይልቅ ሲራክን ይሰማሉ።

ስለዚህ ከጸበሉ በፊት ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ። ጥያቄሽም አይድበስበስ፤ «አባ፣ መድኃኒቴን እየወሰድኩ ብጠመቅ ይፈቅዱልኛል?» በያቸው። ከፈቀዱልሽ በጾም ተጠምቀሽ፣ ኪኒኑን ከጸበል መልስ ወይም ማታ ልትወስጂ ትችያለሽ፤ ሰዓቱን ከሐኪምሽ ጋር ተስማሚበት። መድኃኒት ካልጣልሽ አትገቢም የሚል ቦታ ከገጠመሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ። አክስትሽን ደግሞ አትሟገቻቸው፤ ሥራ ስጪያቸው። «አብረውኝ ይሂዱ፣ ኪኒኔንም እርስዎ ይያዙልኝ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ያስታውሱኝ» ብትያቸውስ? ከሩቅ ሆኖ መፍረድ ይቀላል፤ ብልቃጡን ቦርሳቸው ውስጥ ሲይዙት ነገሩ የሳቸውም ይሆናል።

ማክሰኞ ምን ብለሽ እንደምትጀምሪ አስቢበት። ሐኪም ፊት ስንቀመጥ ምላሳችን ይታሰራልና ወረቀት ላይ ጻፊው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ዶክተር፣ ኅዳር 12 የሆነ ነገር አለ፤ ባለፈው ስነግርዎ ስለ ድምፅ ሲጠይቁኝ ፈርቼ አቆምኩ። ድምፅ አልሰማም። ግን እስከ መጨረሻው እንዲያዳምጡኝ እፈልጋለሁ። የዋዜማው ሌሊት መኖር አስጠልቶኝ ነበር። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ቁጥር እያስጨነቀኝ ነው። ጸበል መግባትም እፈልጋለሁ፤ ከመድኃኒቱ ጋር እንዴት እናድርገው?» ይህን ሰምተው ከሳቁብሽ ወይም ካቋረጡሽ ሌላ ሐኪም መጠየቅ መብትሽ ነው፤ ኪኒኑን ግን አዲሱን ሐኪም እስክታገኚ እየወሰድሽ። የምገምተው ግን እንደሚያዳምጡሽ ነው። የሚፈሩትን ነገር አስቀድመሽ መልሰሽላቸዋልና።

ሴትየዋን መፈለግሽን ተዪው አልልሽም፤ ግን በሌላ መንገድ ፈልጊያቸው። በመጪው 12 ባዶ እጅሽን ሄደሽ ፊት ለፊት ከማማተር አንድ ድፎ ዳቦ ይዘሽ ሂጂ። ከቅዳሴ በኋላ አጥሩ ሥር ተቀመጪና ቁረሺ። ለጎረሰው ሁሉ ስለ ወንድምሽ ንገሪ፤ ምን እንደሚያስቀው፣ ሳህኑን እንዴት ይዞ እንደሚመጣ። በስሙ ነፍስ ይማር ይበሉለት።

እስከዚያ ግን ማክሰኞ ቁርስ ሳትበዪ ሐኪም ዘንድ እንዳትሄጂ።